ሁለት ፍጥነት ያለው ሸክላ

ሸክላ ሲዞር ዳር ያለው ዘፈንና መሃል አጠገብ ያለው ዘፈን እኩል ይፈጥናሉ? መልሱ ፍጥነት ብለን በምንለካው ነገር ይወሰናል።

ኮሎምቢያ ሪከርድስ በ1948 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 1.8 ሴኮንድ ይፈጃል። ሙሉ ዙር 6.28 ራዲያን ስለሆነ ለ1.8 ሲካፈል በሴኮንድ 3.49 ራዲያን ይሆናል። ማዕዘናዊ ፍጥነት የሚባለው ይህ ነው። ሸክላው አንድ ወጥ አካል በመሆኑ ዳር ያለችውም መሃል ያለችውም ነጥብ በዚህ ፍጥነት እኩል ናቸው።

መስመራዊ ፍጥነት ነጥቧ በሴኮንድ የምትጓዘው ርቀት ነው። የሚገኘውም ማዕዘናዊውን ፍጥነት በሬዲየሱ በማባዛት ነው። ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ዙሩን በዲግሪ እንደያዙ ካባዙ ውጤቱ ይበላሻል፣ ራዲያን ግድ ነው። የመጀመሪያው ጭረት ከመሃል 14.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የመጨረሻው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ 21 ብቻ።

ልዩነቱ ጆሮ ይደርሳል። በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ ዳር ላይ ለአንዱ ሞገድ 0.051 ሚሊ ሜትር ቦታ ያገኛል፤ መሃል ላይ 0.021። መርፌው የራሱ ውፍረት ስላለው የተጨናነቀውን ሞገድ ተከትሎ መታጠፍ ይቸግረዋል፤ የጸናጽሉ ድምፅና የዘፋኙ «ሰ» ይሻክራሉ። ብዙ አዘጋጆች ለስለስ ያለውን ዘፈን ወደ መጨረሻ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ብዙዎቹን የአዲስ አበባ ዘፈኖች ያሳተመባቸው ትናንሽ ሸክላዎች ደግሞ በደቂቃ 45 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 4.71 ራዲያን ይዞራሉ። ዘፈኑ 5.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲያበቃ እንኳ ጭረቱ በሴኮንድ 25 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ትንሹ ሸክላ በፍጻሜው ከትልቁ ይፈጥናል! በየፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ መያዙ ዋጋ አስከፍሎታል፤ ያ ዋጋ ግን፣ እንደ እኔ፣ በዘፈኖቹ ውስጥ ላሉት የነሐስ መሣሪያዎች የድምፅ ጥራት የሚገባ ነበር።

ሲዲ መንገዱን ገለበጠው። መስመራዊው ፍጥነት በሴኮንድ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ባለው አንድ ልክ ጸንቶ ይቆያል፣ ንባቡም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 500 ዙር ጀምሮ፣ ሬዲየሱ እየሰፋ ሲሄድ፣ እስከ 200 ገደማ ዝግ ይላል።