በልግ ሲዘራ፦ የሚባለውና እውነታው

«አገር የሚመግበው መኸር ነው፤ በልግ ትርፍ ነው» ሲባል ይሰማል። ማስረጃው የበልግ ምርት ከዓመቱ እህል 10 በመቶ እንኳ አለመሙላቱ ነው። አሃዙ ውሸት የለውም፤ አቆጣጠሩ ግን መታወቅ አለበት። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ እህልን የሚመድበው በተዘራበት ሳይሆን በታጨደበት ወር ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት የተሰበሰበው መኸር፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የተሰበሰበው በልግ ይባላል። በወሎና በሐረርጌ በሚያዝያ ዝናብ የሚዘራው ማሽላ ደግሞ ክረምቱን ቆሞ ከርሞ ለአጨዳ የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በበልግ ዝናብ በቅሎ በመዝገብ የመኸር ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ በልጉ ሲቀር የሚጎድለው በበልግ ስም የተጻፈው ብቻ አይደለም። የማሽላው ጊዜ ያለፈበት ገበሬ ቶሎ ወደሚደርስ ዝርያ፣ ያም ካልሆነለት ሐምሌ ላይ ወደ ጤፍ ይዞራል። እህሉም የከብቱ አገዳም ያንሳል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በኤልኒኖ ሲዳከም ጉዳቱ ያን ያህል የከፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለለጋምቦ፣ ለወረኢሉና ለመንዝ ደጋዎችማ በልግን ትርፍ ማለት ግፍ ነው። እዚያ በክረምት ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ እሸቱን ይመታል። የካቲት ላይ የተዘራ ገብስ ግን ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ታጭዶ ከሁለቱም ያመልጣል።

ከሁሉ የሚያከራክረው «የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዝራ» የሚለው ነው። ችኮላው ምክንያት አለው፤ የበልግ ወቅት አጭር ነው፣ የዘገየ ዘር እርጥበቱ ያልቅበታል። ፈጥኖ የሚዘራውን ገበሬ ባላዋቂነት የሚወቅስ ይህን ዘንግቷል። ቢሆንም የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ የደረቀውን አፈር ላዩን ብቻ አርሶ ሊያቆም ይችላል። ዘሩ በዚያች እርጥበት ይነቃል፣ ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ ደረቅ አፈር ያገኛል፣ ጥቂት ቀን ፀሐይ ሲያከርርበት ይሞታል። ገበሬው ያለችውን ዘር ደግሞ ይዘራል፤ ከሌለው ይበደራል። በደረቅ አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር ግን ሳይነቃ ዝናቡን ሊጠብቅ ይችላል። የሚገድለው ግማሽ እርጥበት ነው።

የአየር ጠባይ አጥኚዎች ወቅቱ ገባ ለማለት በተለምዶ የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብና በተከታዩ አንድ ወር ውስጥ ረጅም ደረቅ ጊዜ አለመኖር ነው። ሁለተኛው ትንበያ ይፈልጋል፤ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው መረጃ በየቀበሌው በጊዜ ቢነበብ ብዙ ዘር ይድናል። የመጀመሪያውን ግን ማንም መፈተን ይችላል፦ ስንዝር ያህል ቆፍሮ፣ ከታች ያለውን አፈር በእጅ መጨበጥ። ጭብጡ ካልተበተነ እርጥበቱ ወርዷል።

«ዘር ማብዛት ዋስትና ነው» የሚባለው ለጤፍ አይሠራም። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ከ0.3 ግራም ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በሄክታር 30 ኪሎ የበተነ ሰው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10,000 ያህል ፍሬ ጥሏል። ይህ ሁሉ ቡቃያ ያችኑ ትንሽ የበልግ እርጥበት ይሻማል፤ የተረፈውም አገዳው ቀጥኖ ይጋሸባል። ማሽላ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አብዝቶ የሚዘራው ገበሬ ኋላ በሽልሻሎ፣ ማለትም በቡቃያው መካከል በማረስ ያሳሳዋል፣ የተነቀለውንም ለከብቱ ያበላል፤ እዚህ ብክነት የለም።

ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ሁሉ ዘር አይሆንም። ነቀዝ የበላው ፍሬ መልኩ ሙሉ ሆኖ እንኳ ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳምንት ያህል ማቆየት፣ ከዚያ የበቀለውን መቁጠር በቂ ነው። ግማሹ ከቀረ ያ እህል ለእንጀራ እንጂ ለማሳ አይደለም። ይህ ፈተና ደመናው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ጥር ላይ፣ ዘር ለመለወጥ ጊዜ እያለ መሠራት አለበት።