ድሪፍት ጋራዥ ውስጥ ይጀመራል

ድሪፍት እንደ ፎርሙላ ዋን ቀድሞ የገባ የሚያሸንፍበት ውድድር አይደለም። መኪናዋን በጎን እያንሸራተተ መስመሩን ሳይስት የነዳ ከዳኞች ነጥብ ያገኛል። በጃፓን ተራራማ መንገዶች የጀመረው፣ “የድሪፍት ንጉሥ” በሚባለው ኬይቺ ሱቺያ ስሙ የገነነው ይህ ስፖርት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥም ፎርሙላ ድሪፍት የተባለ የራሱ ሻምፒዮና አለው።

የሹፌሩ ችሎታ እንዳለ ሆኖ ብዙው ነገር የሚያልቀው ጋራዥ ውስጥ ነው። አንዱ የቸርኬው ኦፍሴት ነው፤ ከቸርኬው ወርድ መሃል እስከሚታሰርበት ፊት ያለው ርቀት ማለት ነው። የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ መኪናዋም እግሩን ከፍቶ እንደቆመ ተከላካይ ትረጋጋለች። ከበዛ ግን ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል፣ ኩሽኔታ ይጎዳል፣ መሪውም ከሹፌሩ እጅ ጋር ይታገላል።

ቀጥሎ አላይመንት ይመጣል። የፊት ጎማዎች አናታቸው ወደ ውስጥ ዘንበል ይደረጋል። መኪናዋ ስትንሸራተት መሪው ወደ ተቃራኒው ስለሚዞር ክብደት የተሸከመው የፊት ጎማ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ ቀድሞ የተሰጠው ዘንበል ያኔ አስፋልቱን በደንብ ያስረግጠዋል። የኋላዎቹ ግን ወደ ቀጥታ ይጠጋሉ፤ ሙሉ ፊታቸው መንገዱን ካልያዘ የሞተሩ ጉልበት ጭስ ሆኖ ይቀራል። ካስተር የሚባለው ማዕዘን ሲጨመር ደግሞ ሹፌሩ መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው ራሱ ቶሎ ይዞራል።

ሁለት መኪኖች ተጠጋግተው ሲንሸራተቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሪው ለአፍታ ከዘገየ የፊተኛዋ ዞራ ትቆማለች፣ የኋለኛዋም ልትገጫት ትችላለች። ተመልካቹ ሹፌሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አንዳንዴ የመካኒኩ ነው!