ጥለት የሚታዘዘው ከጨርቁ ጋር ነው

የሀበሻ ቀሚስ ጌጥ መመረጥ ያለበት ጨርቁ ሳይገዛ ነው። ስፌት ቤቴ የሚመጡት ደንበኞች ግን አብዛኞቹ ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ ገዝተው፣ የሚወዱትን ቀሚስ ፎቶ በስልካቸው ይዘው ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ለልጃቸው የመልስ ቀሚስ የሚሆን ነጭ መነን ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ጨርቁ ይኸው፤ አንተ ይህን ጥለት ብቻ ጣልልን» አሉኝ። ፎቶው ላይ ያለው ጥለት ከቀሚሱ ጫፍ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለው ጥለት ያለቀለት ጨርቅ ላይ አይጣልም። ሸማኔው ማጉን በድሩ መሀል ሲወረውር ባለቀለሙንም ክር እያስገባ ነው የሚሠራው፤ ጨርቁና ጥለቱ እኩል ነው የሚያልቁት። ስለዚህ ጥለት ያማራት ሙሽራ ቁመቷን ተለክታ በቅድሚያ ሸማኔ ጋ መሄድ አለባት። ጫፉ ላይ ጥለት ያለው ቀሚስ ቢረዝም ከታች አይቆረጥም፤ ወገቡ ተፈትቶ ከላይ ነው የሚያጥረው።

ለእኚህ እናት ጥልፍ ይሻላል አልኳቸው፤ ተስማሙ። አንገት፣ ደረት ላይ የሚወርድ መስቀልና የእጅጌ ጫፍ የጥልፍ ቦታ ናቸው። ማግ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ መርፌ ግን አንገቱን ተከትሎ ይዞራል።

የኮምፒውተር ጥልፍ ከመጣ ወዲህ ሥራው ፈጥኗል፤ የሚበላሸው ልብስም በዝቷል። ማሽኑ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ ጨርቁን አያውቅም። ለጂንስ የተዘጋጀ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ስስ መነን ላይ ሲያርፍ ጨርቁን ይስበዋል። በዚያ ላይ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የጥልፉ ፖሊስተር ክር ግን ባለበት ይቀራል። ከፋብሪካ ጨርቅ ይልቅ የእጅ ፈትል የባሰ ይሰበሰባል። ሠርጉ ቀን ያማረው ደረት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ በጥልፉ ዙሪያ ተኮማትሮ ይቀራል። እኔ ጨርቁን ሳልቆርጥ ውሃ አስነክቼ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፣ እተኩሳለሁ። ከዚያ ድፍኑን መስቀል በመስመር ወደሚሠራ አሳሳዋለሁ፣ ከጀርባው ስስ መደገፊያ አደርግለታለሁ። ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ ጠልፌም አጥበዋለሁ። ቀይና ጥቁር ክር ከሆነ ደግሞ አርጥቤ በነጭ ጨርቅ እጫነዋለሁ፤ ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያንን ክር አልጠቀምበትም። ይህን ለመዝለል የሚያስቸኩል ሠርግ የለም።

ከዋሽንግተን አካባቢ የሚያዙኝን ማን እንደሚያጥበውና በምን እንደሚታጠብ ከቀለሙ በፊት እጠይቃቸዋለሁ። ማድረቂያ ማሽን የሚገባ ልብስ ከሆነ ሙካሽ ያለበት ነገር አልመክርም።

ህትመትም የራሱ ቦታ አለው። እንደ ታላቁ ሩጫ ላለ ዝግጅት ለሺዎች አንድ ዓይነት ቲሸርት ሲያስፈልግ የስክሪን ህትመትን የሚስተካከለው የለም፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም መዘጋጀቱ የሚያዋጣው ብዛት ሲኖር ነው። ቀለሙ ለበዛ፣ ቁጥሩ ላነሰ የምረቃ ቲሸርት ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት የሚለጠፈው ይቀላል። ሰብሊሜሽን የሚባለው ደግሞ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ቀለሙን ፖሊስተር ውስጥ ያስገባዋል፤ ጥጥ ላይ ግን ታጥቦ ይሄዳል። የእጅ ሸማ ላይ አንዱንም አላትምም። ሸማ ለስላሳና አየር የሚያስገባ በመሆኑ ነው የሚወደደው፤ ቀለም ሲለጠፍበት ያ ሁሉ ይጠፋል።

የሚያሳዝነኝ የታተመ ጥለት የሸማኔ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። ርካሽ ልብስ የሚፈልግ ይግዛው፣ መብቱ ነው፤ ግን ምን እንደገዛ ይወቅ። ገልብጡት፤ የታተመው ጀርባው ነጣ ይላል። ካልለየላችሁ ከጥለቱ ጠርዝ አንድ ክር ምዘዙ። በሽመና የገባ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ነው፤ ከታተመው የሚመዘዘው ግን እዚህ ቀይ፣ እዚያ ነጭ ይሆናል። በማሽን የተሸመነውን ከእጅ ሥራው መለየት ሌላ ዓይን ይጠይቃል፤ እሱን ሸማኔ ቢያሳያችሁ ይሻላል። እኔ በየደረሰኙ ላይ «የእጅ ሽመና»፣ «የማሽን ሽመና»፣ «ጥልፍ» ወይም «ህትመት» ብዬ እጽፋለሁ። ገዢዎች ከየትኛውም ሱቅ ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።