ቁንጅና በዘር ይወረሳል ወይ?

እኛ አንኮበር አካባቢ ሕፃን ሲወለድ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ቀድሞ የሚያየው መልኩን ነው። ታናሽ እህቴ ስትወለድ አክስታችን «አፍንጫዋስ የእናቷ ነው፣ ሰልካካ፤ ጥቁረቷን ግን ከአባቷ ወገን አመጣችው» ብላ ነበር። እህቴ ይህን እየሰማች አደገች። ባለፈው ክረምት ቤት ስገባ ፊት የሚያቀላ ክሬም ተቀብታ ጉንጯ ቆስሎ አገኘኋት። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

የፊት ቅርፅ መወረሱ እርግጥ ነው። ነገር ግን የሚወስነው አንድ ጂን ሳይሆን ብዙ ጂኖች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻም ትንሽ ነው። ለምሳሌ ፓክስ 3 የሚባለው ጂን በሁለት ዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ ሥር አቀማመጥ ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ታውቋል።

ቁንጅናስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በ1957 በዊስከንሰን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ 4,383 የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎችን ፎቶግራፍ በዳኞች አስመዝኖ ውጤቱን ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር አነጻጽሯል። አንድ «የቁንጅና ጂን» ግን አልተገኘም። እንዲያውም ከውጤቱ ጋር የተያያዙት የጂን ሥፍራዎች እንደ ዳኛውና እንደ ባለፎቶው ጾታ ይለያያሉ።

ዋናው ነገር ደግሞ ተመልካቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ547 ጥንድ ተመሳሳይና በ214 ጥንድ ተመሳሳይ ባልሆኑ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች «ይቺ ቆንጆ፣ ያቺ ፉንጋ» በማለት የሚለያዩት በአብዛኛው በጂናቸው ሳይሆን እያንዳንዳቸው ባሳለፉት ሕይወት ነው። ፊት ይወረሳል፤ ዓይን ግን ይለመዳል ማለት ነው።

ወደ ቆዳ ቀለም ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያን፣ ታንዛኒያንና ቦትስዋናን ያካተተ ጥናት፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ቆዳን የሚያቀላው የጂን ዓይነት በኢትዮጵያውያንም ላይ በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል። የመጣው ከሺህ ዓመታት በፊት ከውጭ ከገቡ ሕዝቦች ጋር በመቀላቀል ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ቀይም፣ ጠይምም፣ ጥቁርም ቢወለድ ምኑ ይገርማል? አልዩ አምባ ገበያ ቆሞ አማራውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው።

ክሬም ጂን አይለውጥም። አንዳንዱ ሜርኩሪ ስላለበት ኩላሊት ይጎዳል። ይህን ሁሉ ለእህቴ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ለእኔ ከምትነግረኝ ለአክስታችን አትነግራትም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናንተም ለየአክስቶቻችሁ ንገሩልን።