ከአርማታው ሥር ያለው ባዶ

«ወለሉ ካልተሰነጠቀ ከሥሩ ችግር የለም» ይባላል፤ ግን ፌሮ የያዘ አርማታ ድጋፉን አጥቶም ለዓመታት ምንም ሳይመስል ሊቆይ ይችላል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይሰጥማል፣ የተቀደደ ቱቦ አፈሩን አጥቦ ይወስደዋል፤ ላዩ ግን ልሙጥ ነው። «እስከ ዛሬ ችሎታል» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የኦሮቪል ግድብ ውኃ ማስተንፈሻ ወለል በየካቲት 2017 (እ.ኤ.አ.) የተሰበረው ከዚያ በፊት ከተሸከመው ባነሰ ውኃ ነው። በስንጥቆችና በመጋጠሚያዎች የሰረገው ውኃ ከሥር ገፍቶ አነሳው።

«ራዳር ካለ ነገሩ አለቀ።» ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። እንደ ሕፃን ጋሪ እየተገፋ የሚሄደው መሣሪያ ባዶውን ፎቶ አያነሳም። የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይልክና ቁሱ በተለወጠበት ሁሉ ነጥሮ የሚመለሰውን ይመዘግባል። በ1.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ አርማታ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያላት የአየር ክፍተት ከላይና ከታች ጠርዟ የሚመለሱት ሞገዶች ስለሚጣፉ ልታመልጠው ትችላለች። ያችው ክፍተት ውኃ ከሞላት ግን ፍንትው ብላ ትወጣለች። ስለዚህ በክረምት የተለካና በበጋ የተለካ አንድ ወለል ሁለት ዓይነት ውጤት ቢያሳይ አይገርምም። እርጥብ አፈርም ባዶ መስሎ ያሳስታል፤ ፌሮው ጥቅጥቅ ብሎ ከተሠራ ደግሞ የሥሩን ይጋርደዋል።

«መዶሻ ያለፈበት ነው።» ወለሉን መትቶ ድምፁን በጆሮ ብቻ መስማት ከሆነ፣ ወፍራም ወለል ላይ እውነት ነው። አሁን ግን የምቱን ኃይል የሚለካ፣ አናቱ ጎማ የሆነ መዶሻ አለ፤ አጠገቡ የንዝረት መለኪያ ይቀመጣል። ድጋፍ ያጣው ቦታ ለእኩል ምት ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ሽሚት ሀመር የሚባለውን መሣሪያ ይዞ የሚመጣውን ግን አመስግኖ መሸኘት ነው፤ እሱ የሚነግረን የላዩን ጥንካሬ እንጂ የሥሩን አይደለም።

«ሳይበሳ ይታወቃል።» ምርመራው የሚቀንሰው የሚበሳውን ቦታ ብዛት ነው። ራዳሩም መዶሻውም አንድ ቦታ ላይ ከተስማሙ፣ እዚያ ጠበብ ያለች ቀዳዳ ትበሳና ቀጭን ካሜራ ይገባል። የክፍተቱ ጥልቀት ያኔ በዓይን ይታያል። እንዲህ ያልተረጋገጠ ሪፖርት ይዞ ባዶውን የሚሞላ ግራውት (ቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ) ማዘዝ ገንዘብን መሬት ውስጥ መቅበር ይመስለኛል። ቀዳዳዋም አትባክንም፤ ባዶው ከተገኘ ግራውቱ በዚያው ሊገባ ይችላል።