ከቤተ ልሔም ብራና እስከ ዩኒቨርሲቲ ወንበር

በጋይንት ምድር፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ምስክር በሚሰጥባት በቤተ ልሔም፣ ደቀ መዝሙሩ ዜማውን በቃሉ ከማጥናቱም በላይ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ የገዛ ድጓውን በእጁ ይጽፍ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጠው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ስለ ምን አንዱን ተማሪ ለንግድ እንደሚያነሣሣ፣ ሌላውን ግን ከፈተና ወዲያ እንደማያሻግር ለመረዳት አይቸገርም።

የሥነ ልቡና ሊቁ አይሴክ አይዘን እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳብራራው፣ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ያለውን ፈቃድ የሚቀርጹት ሦስት ናቸው፤ ለነገሩ ያለው ዝንባሌ፣ የወላጅና የወዳጅ ይሁንታ፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነት። ትምህርታችን ደካማ የሆነው በሦስተኛው ላይ ይመስለኛል። ከእስቴ ወይም ከስማዳ የመጣ ተማሪ ስለ ገበያ ጥናት 20 ገጽ ከሚሸመድድ ይልቅ፣ ድጓውን በእጁ እንደሚጽፈው ደቀ መዝሙር፣ 5 ኪሎ ማር ገዝቶ፣ አጥልሎ፣ በብልቃጥ ሞልቶ፣ ዋጋውን ተምኖ ቅዳሜ ገበያ ቢቆም፣ ከዚያም ሁለቱ ብልቃጥ ሳይሸጡ ቢቀሩበት፣ የትርፍንና የኪሳራን ምሥጢር በዚያች ዕለት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሆላንድ ምርምር፣ እንዲህ ያለው ትምህርት የአንዳንዶችን የመነገድ ፈቃድ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል፤ እኔ ግን ይህን እንደ ጉዳት አልቈጥረውም፤ የአባቱን በሬ ሸጦ ከመክሰሩ በፊት፣ በሁለት ብልቃጥ ማር ራሱን የመረመረ ልጅ ብዙ አትርፏልና።