የከተማው ፎቶ ቤት፦ ከመሠረት ድንጋይ እስከ መልስ

በኢትዮጵያ ከተሞች ዋና መንገድ ላይ፣ በመድኃኒት ቤቱና በጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ መካከል፣ አንድ ፎቶ ቤት አይጠፋም። መስታወቱ ላይ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎችና ሕፃናት ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ፎቶ ፀሐይ መትቶት ወይቧል። ደንበኛው በአብዛኛው የሚገባው ለጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ። የቤቱን ኪራይ የሚከፍለውም ይኸው ጉርድ ፎቶ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንግቶ ይወጣል። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል፤ የቀበሌው ሰው አዋጥቶ ያሠራው ትምህርት ቤት ይመረቃል። ይህ ሥራ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲጠራቀም፣ ማንም አስቦ ያላቋቋመው የከተማ መዝገብ ቤት ይሆናል።

ካሜራ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ወግ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ተቀብለው የቤተሰቡ ስም እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከዙፋኑ አልራቀም። ከቤተ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ስቱዲዮዎች፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር የወረደው ሙያ በብዛት የተላለፈው በረዳትነት ነው። ልጁ መጀመሪያ ወለል ይጠርጋል፣ ቀጥሎ መብራት ይይዛል፣ ፊልም ማጠብ ይለምዳል፤ መዝጊያውን የመጫን ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

በፊልም ዘመን ቁጠባ ሙያውን ገርቶታል። ሰፊው ፊልም በአራት ማዕዘን ቅርጽ ሲነሳ 12 ፎቶ ብቻ ይሰጣል፤ ጠባቡ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 36። አንድ ቤተሰብ አንዴ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ነጠላ ያስተካክላል፣ አገጭ ቀና ያስደርጋል፣ «አይን እንዳይጨፈን» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ ይጫናል። ጥቁርና ነጩን ፊልም እዚያው ጨለማ ክፍል ውስጥ አጥቦ፣ በቀይ መብራት ሥር በወረቀት ላይ ያወጣዋል። የፊት ጠባሳና መስመር ደግሞ ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ እየተነካካ ይለሰልሳል። ዛሬ በስልክ ፊት የሚያለሰልሱ ወጣቶች፣ አያቶቻቸውም በእርሳስ እንዲሁ መደረጋቸውን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን? የቀለም ፊልም ሲመጣ ጨለማ ክፍሉ ሥራ አነሰው። የቀለም አጠባ 38 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅና ከዚያ ብዙም የማይዋዥቅ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ነገሩ ወደ ማሽን ዞረ፤ ማሽኑ በሌለበት ከተማ ያለ ፎቶ አንሺም ፊልሙን ሰብስቦ ወደ ትልቅ ከተማ ይልክ ጀመር።

የቤተሰብ ድግስ ፎቶ ከቴክኒክ ይልቅ ሰው ማወቅ ይጠይቃል። በሠርግ ቀን፣ በመልስና በቅልቅል የሚነሳው የቡድን ፎቶ የዝምድና ሰነድ ነው። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ጎልማሶቹ ከኋላ ይቆማሉ፣ ልጆች መሬት ላይ ይደረደራሉ። ከሙሽራዋ ቀኝ የተቀመጠችው የእናቷ እኅት ናት ወይስ ያሳደገቻት ጎረቤት? የአካባቢው ልጅ የሆነ ፎቶ አንሺ ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም ያውቃልና ሁለቱን ጎን ለጎን አያቆማቸውም። ከሌላ ከተማ በብዙ ገንዘብ የመጣ ባለ ድሮን ባለሙያ የሚያምር ምስል ይዞ ይሄዳል፤ አክስትየዋን ግን ሊያልፋት ይችላል።

ቴክኒኩም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ነጭ የአገር ልብስ ካሜራውን ያታልለዋል፦ መሣሪያው ትዕይንቱ እጅግ የበራ መስሎት ብርሃኑን ሲቀንስ ጠይም ፊት ይጨልማል። ልምድ ያለው ሰው ብርሃኑን የሚለካው ከፊት ላይ ነው፤ የነጠላው ጥለት ትንሽ ቢነጣ ግድ የለውም። በክርስትና፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ፣ ሥራው የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ሕፃን፣ ቄስና ውኃ በአንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ድንኳን ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሸራው ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ እንግዳው ሁሉ በዚያው ቀለም ይቀባል። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊትና ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን የሚወደደው ለዚህ ነው። ግን የትኛው ድግስ ነው ለብርሃን ሰዓት የሚጠብቀው?

የግንባታ ፎቶ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው፤ ከውበቱ በፊት ማስረጃነቱ ይፈለጋል። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ፣ የመስጊድ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ፣ ሁሉም ከሕዝብ ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ሕዝቡም ብሩ የት እንደደረሰ ማየት ይፈልጋል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ለአገራቸው መንገድ ለማውጣት ማኅበር አቋቁመው ሲያዋጡ፣ ብዙው ገንዘብ የሚመጣው አዲስ አበባ ላይ ከሚነግደው ሰው ነበር። የሚያዋጣውና የሚሠራበት ቦታ ሲራራቁ፣ በመካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው ደረሰኝና ፎቶ ነው። ዛሬም በዋሽንግተንና በዱባይ ያለ ምእመን ለትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሲያዋጣ፣ በቴሌግራም የሚጠብቀው የግድግዳው ቁመት ነው። አረብ አገር ሠርታ ለወላጆቿ ቤት የምታሠራ ልጅም እንዲሁ፦ ቆርቆሮው መመታቱን የምታምነው በፎቶ ስታየው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ግንባታ ራሱን እየሸፈነ የሚሄድ ሥራ ነው። የመሠረቱ ጉድጓድ በድንጋይ ይሞላል፤ ፌሮው አርማታ ሲሞላበት ይሰወራል፤ የውኃ ቧንቧው ይቀበራል፤ የግድግዳው ብሎኬት በልስን ይጠፋል። ሕንፃው ሲያልቅ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው። ፌሮው ምን ያህል ውፍረት እንደነበረው፣ በምን ያህል ርቀት እንደታሰረ፣ መሠረቱ ምን ያህል እንደጠለቀ ከዓመታት በኋላ ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው አርማታው ከመሞላቱ በፊት በነበረው ጠዋት በተነሳ ፎቶ ላይ ነው፤ ያ ጠዋት አይመለስም። ስለዚህ ጠንቃቃ ፎቶ አንሺ ከአናጺውና ከግንበኛው ጋር ስልክ ይለዋወጣል፤ «ነገ አርማታ እንሞላለን» ሲሉት ዛሬ ማታ ይደርሳል።

ሁለተኛው ብልሃት ያው ቦታ ላይ መቆም ነው። አንድ የዛፍ ግንድ ወይም የአጥር ምሰሶ መርጦ፣ በየወሩ ከዚያው ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ወደዚያው አቅጣጫ ማንሳት። ምስሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሥራው የቆመበት ወር እንኳ ሳይቀር ይታያል። ለመጠን መለኪያ አንድ ሰው ግድግዳው አጠገብ ይቆማል፤ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የግንበኛ ሜትር ይዘረጋል።

የግንባታ አልበሞች ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ የመጣው ባለሥልጣን ዐሥር ጊዜ ይነሳል፤ ሪባን ሲቆረጥ ሃያ ጊዜ። በመካከል ባሉት ሁለት ዓመታት አሸዋ ያበጠሩት፣ ውኃ በጀሪካን የተሸከሙት ሴቶች፣ በደቦ ወጥተው ድንጋይ ያቀበሉት ገበሬዎች አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም። ባለሥልጣኑ በሌላ ቦታም ተነስቶ ይገኛል። ውኃ የተሸከመችው ሴት ግን በዚያ ሥራ ላይ መኖሯን የሚያሳይ ሌላ ወረቀት የላትም። ከፋዩ ኮሚቴ ስለሆነ ፎቶ አንሺው የታዘዘውን ያነሳል፤ ይህ አያስወቅሰውም። ሳይታዘዝ አምስት ፎቶ ጨምሮ የሚያነሳው ግን ከሌሎቹ ይለያል።

የእነዚህ ፎቶዎች ዋጋ ጊዜ ሲያልፍ ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ በፒትስበርግ ከተማ ቻርልስ ሃሪስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነበር፤ የኖረው ከ1908 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ነው። ለፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ እየሠራ የጥቁሮችን ሰፈር ሠርግ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ የልጆች ጨዋታና የሱቅ ምረቃ አነሳ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኖ ስለሚሄድ «ዋን ሾት» ተባለ፤ እንደኛ የፊልም ዘመን ሰዎች መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰፈሩ የታችኛው ክፍል ለአዳራሽ ግንባታ ፈርሶ ከ8,000 በላይ ሰው ተነሳ። 80,000 ገደማ የሚሆነውን የሃሪስን ኔጋቲቭ የከተማው ካርኔጊ ሙዚየም በ2001 እ.ኤ.አ. ሲረከብ፣ ከባዱ ሥራ ፊቶቹን በስም መለየት ሆነ። ሙዚየሙ የሰፈሩን አዛውንቶች እየጠራ «ይህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

አዲስ አበባም ለዚህ ሩቅ አይደለችም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የግቢዎቹ መልክ የቀረው በነዋሪዎቹ የልደትና የሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ነው። ፎቶው የተነሳው ለኬኩ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው በሩና በረንዳው ነው። ከቤተሰብ አልበም እየተሰበሰበ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍም የተሠራው ከእንደዚህ ዓይነት ፎቶዎችና ከባለቤቶቻቸው ትረካ ነው። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ደግሞ በተራ ቀን የተነሱ የወጣቶች ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ያነሳቸው ሰው ይህን አላሰበም። በለቅሶ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚያዘው ፎቶም ብዙ ጊዜ ከሠርግ የቡድን ፎቶ ላይ ተቆርጦ የጎላ ነው፤ ፎቶ ቤቱ በሌሊት የሚንኳኳው ለዚህ ነው።

ሕጉም ጥቂት የሚለው አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ በአደባባይ የተደረጉ ሥነ ሥርዓቶችንና የታወቁ ሰዎችን ይለያል። በመስታወቱ ላይ የሙሽራ ፎቶ የሚሰቅል ፎቶ ቤት ቢያንስ በቃል ማስፈቀድ አለበት ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደግሞ የፎቶግራፍ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል።

ፎቶዎቹን የሚያጠፋው በብዛት ቸልተኝነት ነው። የቀለም ፎቶ ብርሃን ሲመታው ቀለሙ እየለቀቀ ይደበዝዛል። የጥቁርና ነጩ ምስል የተሠራው ከብር ቅንጣት ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ ሃይፖው፣ ተርፎበት ከሆነ ግን ይበልዛል። አሮጌ ኔጋቲቭ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለይቶ ቶሎ ማስገልበጥ ያስፈልጋል። ሙጫ ያለው አልበም ፎቶ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የዲጂታሉ ሞት ደግሞ ድንገተኛ ነው፤ አንድ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ የዐሥር ዓመት ሠርግ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቤት ማኖር ርካሽ መድኃኒት ነው።

ቀኑም ያሳስታል። ካሜራው ፋይሉ ላይ የሚጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከኛው በሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በስምንት ዓመት ይበልጣል፤ ሰዓቱም በስድስት ይለያል። የመሠረት ድንጋዩ ላይ 2010 የተባለው በፋይሉ ላይ 2018 ሆኖ ሲገኝ፣ ልጆች ሁለት የተለያየ ሥነ ሥርዓት ይመስላቸዋል።

በድሮ ፎቶዎች ጀርባ ላይ «ለመታሰቢያ» የሚል ጽሑፍ፣ ፊርማና ቀን አይጠፋም ነበር። በስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ጀርባ የለውም። በቤታችሁ አልበም ካለ፣ አያትየዋ በጤና ሳሉ አብራችሁ ገልብጡትና ከግራ ወደ ቀኝ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ሊዘልቅና ሊያበላሸው ይችላል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ የሚያዳልጠው ዘመናዊ ወረቀት እርሳስ አልይዝ ካለ በተለየ ወረቀት ጽፎ ከፎቶው ጋር በአንድ ፖስታ ማስቀመጥ ነው።